«500 ዋት» ብለው የሸጡልኝ ፓወር ሰፕላይ፦ በእጄ የገጣጠምኩት ኮምፒውተር ከ8 ወር በኋላ

አዳማ፣ ቤቴ ቁጭ ብዬ በገዛ እጄ የገጣጠምኩት የመጀመሪያ ኮምፒውተሬ 8 ወር ሞላው። ዕቃዎቹን ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ፣ ጭኔ ላይ አቅፌ ነው ያመጣኋቸው። ራይዘን 5 5600ጂ ፕሮሰሰር፣ 16 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ኤስኤስዲ። የሰርግ ቪዲዮ አቀናብርበታለሁ። ፕሮሰሰሩ 6 ኮር ስላለው አላነሰኝም።

የማወራው ግን ስለ ፓወር ሰፕላዩ፣ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኤሌክትሪክ ስለሚያከፋፍለው ሳጥን ነው።

ብሬ ሊያልቅ ሲል የቀረኝ እሱ ነበር። ሻጩ አንዱን አንስቶ «500 ዋት ነው ወንድሜ፣ ይተርፍሃል» አለኝ። ጎኑ ላይ በትልቁ 500 ተጽፏል። አመንኩት።

አምስት ወር ምንም አላለኝም። ከዚያ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርድ አገኘሁና ሰካሁበት። በሦስተኛው ቀን ማታ ቪዲዮ ኤክስፖርት ሲያደርግ ድርግም አለ። መብራት የሄደ መስሎኝ ቀና ስል አምፖሉ በርቷል። መልሼ አስነሳሁት። ግማሽ ሳይደርስ እንደገና ድርግም።

አንድ ሳምንት ያልነካካሁት ነገር የለም። ራሙን ነቅዬ ሰካሁ። የፕሮሰሰሩን ሙቀት ማስተላለፊያ ፓስታ ቀየርኩ። የአዳማ ሙቀትና አቧራ ነው ብዬ ውስጡን ጠረግኩ፤ አቧራውስ እውነትም ነበረበት። ሙሽሮቹ ይደውላሉ። «ለቅልቅሉ ይደርሳል ብለኸን አልነበር?» ምን ብዬ ልመልስ?

በመጨረሻ ፓወር ሰፕላዩን ፈትቼ የተለጠፈበትን ትንሽ ወረቀት አነበብኩ። 12 ቮልት፣ 16 አምፔር። አባዙት፤ 192 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩም ግራፊክስ ካርዱም በዋናነት የሚበሉት ከዚህ የ12 ቮልት መስመር ነው። ፕሮሰሰሩ 65 ዋት ቢባልም ሥራ ሲበዛበት እስከ 88 ይወስዳል። ካርዱ 75። ይኸው 163 ሆነ። ማዘርቦርዱ፣ ዲስኩና ፋኖቹ ሲጨመሩ ምን ቀረ?

ከዚያ ወዲህ ሻጩን በልቤ እሞግተዋለሁ። «ሌላ ሰው አላማረረም» ይለኛል። መብራት ነው ብሎ ዝም ያለ ስንት አለ! «ካርድ እንደምትጨምር መች ነገርከኝ?» ይለኛል። እውነት ነው፣ አልነገርኩህም። ግን የሸጥክልኝ 500 ዋት ብለህ ነው። 500 ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ በግማሽ አቅሙ ይሸከመው ነበር።

አሁን የገዛሁት 450 ዋት፣ 80 ፕላስ ብሮንዝ (ኤሌክትሪክ ብዙ እንደማያባክን የሚመሰክር ደረጃ) ነው። ሱቅ ውስጥ መጀመሪያ ያየሁት ትንሿን ወረቀት ነው፤ 12 ቮልቱ ብቻውን ከ400 ዋት በላይ ይሰጣል። ቁጥሩ ከበፊተኛው ያንሳል፣ በእጅ ሲያነሱት ግን በጣም ይከብዳል። ሦስት ወር ሆነው፤ መብራት ካልሄደ በስተቀር አንድም ቀን አልጠፋብኝም።

በመገጣጠሜ አልጸጸትም፤ ነገም ቢሆን ራሴው እገጣጥማለሁ። የሚቆጨኝ ቅልቅሉ ያለ ቪዲዮ ማለፉ ነው። የሙሽራዋ እናት ስደውልላቸው አልተቆጡም። «ይሁን ልጄ» ብለው ዘጉት።