ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፦ ነጻው፣ የጋራው፣ የግሉ ወይስ ሥልጠናው?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ከአንድ ሕንጻ ሥር ባለች ጠባብ ክፍል፣ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ እሠራለሁ። ማመልከቻ፣ ሲቪ፣ የኪራይ ውል፣ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሰፈሩ ወረቀት ሁሉ በእጄ ያልፋል። ከዓመት ወዲህ ግን ወረቀት ከሚያመጣው ያላነሰ ሰው ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ይህን ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉትን ልጀምር ነበር፤ የትኛውን ልግዛ?» ባለፈው ቅዳሜ የመጡት አንድ የሁለተኛ ደረጃ መምህር ናቸው። «ልጄ፣ ተማሪዎቼ ቀድመውኛል» አሉና 3,400 ብር ቆጥረው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ። የውጭ ካርድ ያለው አንድ ወጣት የወሩን ክፍያ ልክፈልልዎት ብሏቸው፣ ገንዘቡን ሊያደርሱለት ሲሄዱ ነው ወደ እኔ ጎራ ያሉት። ለእሳቸው ያልኳቸውን እዚህ ልጻፈው፤ በየቀኑ ከመድገም ያድነኛል።

ለጀማሪ ነጻው ይበቃል። ይህን የምለው ለገንዘብ ስለምሳሳ አይደለም። የግሉን፣ በየወሩ ለብቻ የሚከፈልበትን፣ ከፍዬ ሞክሬዋለሁ፤ የጋራውን፣ ብዙ ሰው አንድ አካውንት የሚካፈልበትን፣ ገዝቼ ተታልያለሁ፤ የእህቴን ልጅ ሥልጠና ልኬ ተጸጽቻለሁ።

በቅድሚያ የምትገዙት ነገር ምን እንደሆነ እወቁ። ስሙ አዲስ አይደለም። ጆን ማካርቲና ባልደረቦቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1956 በአሜሪካ ዳርትማውዝ ኮሌጅ ለተካሄደ የበጋ ስብሰባ ያወጡት ስያሜ ነው። ስልካችሁ ፊታችሁን ዐይቶ ሲከፈት፣ ኢሜይላችሁ የማጭበርበሪያ መልእክትን ለብቻው ሲለይ፣ ጉግል አማርኛን ሲተረጉምላችሁ፣ ያ ሁሉ የዚሁ ዘር ነው፤ ስትጠቀሙበት ኖራችኋል፣ ለየብቻውም አልከፈላችሁበትም። አሁን ሰው ሁሉ «ልግዛ» የሚለው የአሜሪካው ኩባንያ ኦፕንኤአይ ኅዳር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ቻትጂፒቲን ለሕዝብ ከለቀቀ በኋላ የተስፋፋውን፣ በጽሑፍ ሲጠይቁት በጽሑፍ የሚመልሰውን ነው። ይህ ማሽን ከተማረው እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተነሥቶ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ይገምታል፤ ከዚያም የሚቀጥለውን፤ እንዲህ እያለ መልሱን ይሠራል። ኢንተርኔት ላይ ካልፈለገ በቀር መዝገብ ገልጦ አያነብላችሁም። የነጻውም የውዱም ሥሪት ይኸው ነው።

ማስረጃዬ አንድ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። ደንበኛዬ «ከመስከረም 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ» የሚል ደብዳቤ ወደ እንግሊዝኛ እንድመልስለት አመጣ። በዚያ ወር የግሉን ከፍዬ ነበርና ለነጻውም ለሚከፈልበትም ሰጠኋቸው። እንግሊዝኛው ያማረ ነበር፣ ከእኔ ይሻላል። ቀኑን ግን ሁለቱም ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ብለው ጻፉት። ትክክለኛው ሴፕቴምበር 12 ነው፤ በ2015 ጳጉሜን 6 ቀን ነበራትና። ማሽኑ በብዙ ጽሑፍ ላይ አዲስ ዓመታችን ሴፕቴምበር 11 ሲባል አይቷል፤ ብዙ ጊዜ ያየውን ገመተ። ደብዳቤው ሳይታረም ኤምባሲ ገብቶ ቢሆን በአንድ ቀን ልዩነት የሚጠየቀው ደንበኛዬ ነበር። የሚከፈልበት ማሽን አማርኛው ትንሽ ይሻላል፤ ይህን አልክድም። ከኢንተርኔቱ ጽሑፍ የአማርኛው ድርሻ ትንሽ በመሆኑ ግን ከእንግሊዝኛው ጋር እኩል አይሆንም፤ ቢከፈልም።

አሁን ወደ ዋጋው። የተለመደው የግል ክፍያ በወር 20 ዶላር ነው፤ የቻትጂፒቲም፣ ክሎድ የተባለው መሰሉም ይኸው ነው። ዶላር በባንክ 57 ብር አካባቢ በነበረበት ጊዜ 20 ዶላር 1,140 ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በብር ሲታሰብ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። በዚያ ላይ የአገር ውስጥ የባንክ ካርዳችን ለውጭ ክፍያ እንደ ልብ አይሠራም፤ ስለዚህ ካርድ ላለው ሰው ኮሚሽን ይከፈላል። የመምህሩ 3,400 ብር የመጣው እንዲህ ነው። በዓመት 40,800 ብር ማለት ነው። በዚህ ገንዘብ ያገለገለ ደህና ላፕቶፕ ይገዛል።

ይህ ዋጋ ስለሚያስፈራ ነው ሰው ወደ ጋራው የሚሸሸው፤ እኔም የሸሸሁት በዚሁ ምክንያት ነው። የጋራ የሚባለው እንዲህ ነው። አንድ ሰው በአንድ ስም የሚከፈልበት አካውንት ይከፍታል፤ ኢሜይሉንና የይለፍ ቃሉን በቴሌግራም ለስምንትም ለአሥርም ሰው ይሸጣል። በወር 600 ብር ገዛሁ። ገንዘቡን ባስተላለፍኩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የይለፍ ቃሉ ደረሰኝ፤ «እንዳትቀይረው» ከሚል ማሳሰቢያ ጋር። በጣም ደስ አለኝ።

ስከፍተው በስክሪኑ ግራ በኩል የውይይቶች ዝርዝር ወረደ። አንዳቸውም የእኔ አይደሉም። አንዱ «የፍቺ ማመልከቻ» ይላል። ከሥሩ «የእናቴ የኩላሊት ምርመራ ውጤት»። ከዚያ ደግሞ የአንድ ሰው ሙሉ ሲቪ፣ ስልክ ቁጥሩና የቤት አድራሻው ሳይቀር። ክው ብዬ ቀረሁ። ያን ዕለት ጠዋት የገዛሁት የአንዲት ደንበኛዬን ሲቪ ላስተካክልበት ነበርና። እኔ የእነሱን ካየሁ እነሱም የእኔን ያያሉ። ሰው የልደት ካርዱን፣ የትዳር ወረቀቱን፣ የደመወዙን ልክ ለእኔ የሚያሳየኝ አምኖኝ ነው፤ ከእምነቱ ሌላ የሚያቆየኝ ነገር የለም፣ ፎቶ ኮፒ ማሽን በየሕንጻው ሥር አለ። የደንበኛ ወረቀት አንድም ቀን አላስገባሁበትም።

ለራሴ ተራ ጥያቄ ልጠቀምበት ብልም አልሆነም። ከሰዓት በኋላ በከፈትኩት ቁጥር «የተፈቀደልዎትን መጠን ጨርሰዋል» ይላል፤ የአንድ ሰው ድርሻ ለስምንት ሰው እንዴት ይበቃል? በ11ኛው ቀን የይለፍ ቃሉ ጨርሶ አልሠራ አለ። ለሻጩ ብጽፍለት «የቴክኒክ ችግር ነው፤ 350 ብር ጨምርና በተሻለ እተካልሃለሁ» አለኝ። ጨመርኩ።

ተተኪው ስልክ ላይ የሚጫን ፋይል ሆኖ መጣ። ምልክቱ የዋናው ነው፣ ቀለሙም የዋናው ነው። ሲጫን ግን የስልክ ማውጫዬን፣ ፎቶዎቼን፣ መልእክቶቼን ለማየት ፈቃድ ጠየቀ። መልእክት ማለት የባንክ ማረጋገጫ ቁጥር የሚገባበት ቦታ ነው! በየሁለት ጥያቄው የጨዋታ ማስታወቂያ ይዘረጋል፤ መልሱም አማርኛ ይሁን ሌላ ቋንቋ የማይለይ ድብልቅልቅ ነበር። ቶሎ አጠፋሁት፤ ልቤ ስላላረፈ ግን ስልኬን ጥገና ቤት ወስጄ ሁሉን አስጠርጌ እንደ አዲስ አስጫንኩት፤ 200 ብር። በማግሥቱ ሻጩ የቴሌግራም አካውንቱን ሰርዞ ጠፋ።

ሒሳቡን እዩት። 600፣ 350 እና 200፣ በድምሩ 1,150 ብር ለ11 ቀን። በቀን ከ104 ብር በላይ ነው። የግሉ 3,400 ብር ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 113 ብር ግድም ይመጣል። ርካሽ ብዬ የገዛሁት ከውዱ በቀን የሚያንሰው 9 ብር ብቻ ነበር። ዛሬም በሳምንት አንድ ሰው ያንኑ የመሰለ ማስታወቂያ ከስልኩ ያሳየኛል፤ ዋጋው 500፣ 450 እያለ ይወርዳል። ወርዶ 50 ብር ቢገባም አትግዙት። የኦፕንኤአይ ውል ራሱ የይለፍ ቃልን ለሌላ ሰው ማካፈል ይከለክላል፤ አካውንቱ በማንኛውም ቀን ቢዘጋ አቤት የምትሉበት የለም።

መተግበሪያ ስትጭኑ ከስልካችሁ መደብር ብቻ አውርዱ፤ ከስሙ ሥር የተጻፈውን የአሳታሚውን ስምም አንብቡ። ቻትጂፒቲ ከሆነ ኦፕንኤአይ፣ ጀሚናይ ከሆነ ጉግል መሆን አለበት። ምልክቱን ማንም ይቀዳዋል። በቴሌግራም ፋይል ሆኖ የመጣላችሁን፣ የላከላችሁ ወንድማችሁ ቢሆንም፣ አትጫኑ።

ነጻው እንግዲህ። ቻትጂፒቲ፣ ጀሚናይ፣ ክሎድ፣ ዲፕሲክ፣ ሁሉም ያለ ክፍያ የሚሠራ በር አላቸው። ገደብ አላቸው፤ ብዙ ስትጠይቁ «ቆይተው ይመለሱ» ይላሉ። እኔ ሁለቱን ጎን ለጎን ይዣለሁ። አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው እሄዳለሁ፤ አስፈላጊ ጉዳይ ሲሆን ደግሞ አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዲያርም እሰጠዋለሁ። በቀን ከ15 እስከ 20 ደብዳቤ ለሚሠራ ጽሕፈት ቤት በቅቶኛል። የጽሑፍ ጥያቄና መልስ ዳታ እምብዛም አይበላም፤ የሚበላው ፎቶና ድምፅ ነው። የደንበኛ ወረቀት ሳስገባ ስሙን «ሀ»፣ ስልኩን ዜሮ አድርጌ ነው፤ ትክክለኛውን በመጨረሻ በእጄ እመልሰዋለሁ። ይህ ለሚከፈልበትም ይሠራል።

የሥልጠናው ነገር ከጋራው ቀጥሎ ያናድደኛል። የእህቴ ልጅ ሥራ ሲፈልግ ከርሞ፣ «የሰው ሠራሽ አስተውሎት ባለሙያ» የሚያደርግ የአራት ቅዳሜ ሥልጠና አገኘሁ አለኝ። 6,500 ብር ከፈልኩለት። ሃያ ሰባት ሰው በስምንት ኮምፒውተር፤ አሠልጣኙ ከግድግዳው ላይ ያነባል፣ እነሱ ይገለብጣሉ። በመጨረሻው ቅዳሜ ሰርተፍኬቱ ለብቻው 500 ብር ነው ተባለ። ከሁለት ወር በኋላ አንድ ልጅ በፍላሽ የሚታተም ነገር ይዞልኝ መጣ። ስከፍተው የዚያው ቤት ሰርተፍኬት ነው፣ 40 ፍሬ። በወፍራም ወረቀት በቀለም የማትምበት ዋጋ አንዱን 25 ብር ነው። አተምኩለት፣ 1,000 ብር ተቀበልኩ፤ እሱ ይዞት ከወጣ በኋላ ግን ቀኑን ሙሉ ሆዴ ሲቃጠል ዋለ፤ 40ውም ለዚያች ወረቀት 500 ብር የሚቆጥሩ ልጆች ናቸው።

ለዚህ ዓይነቱ እውቀት መንግሥት ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና አለ። ከኮርሶቹ አንዱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታዊ ትምህርት ነው፤ ነጻ ነው፣ ሰርተፍኬቱም ነጻ። የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2018 ለሕዝብ የከፈተው ነጻ የመግቢያ ኮርስ አለው፤ ሒሳብና ፕሮግራም የማያውቅ ሰው ይከተለዋል። እንቅፋቱ ቋንቋው ነው፣ እንግሊዝኛ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ገንዘብ መክፈል ካለባችሁ በአማርኛ አጠገባችሁ ቁጭ ብሎ በራሳችሁ ሥራ ላይ ለሚያሳያችሁ ሰው ክፈሉ። ሳትከፍሉ ለየሰዉ ኮምፒውተር እንዳለና ሰርተፍኬቱ ከዋጋው ውስጥ እንደሆነ ጠይቁ።

ስለ ላፕቶፕ በአጭሩ። ሻጮች «ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ» እያሉ ዋጋ ይቆልላሉ። ማሽኑ የሚያስበው በኩባንያዎቹ ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ እንጂ በእናንተ ጠረጴዛ ላይ አይደለም፤ ኢንተርኔት የሚከፍት ማንኛውም አሮጌ ላፕቶፕ ይሠራል። እኔ ዘንድ ያለው ስድስት ዓመት ያለፈው ነው። ገንዘብ ካላችሁ ባትሪው ላይ አውሉት፤ በእኛ አካባቢ መብራት ሲሄድ ሥራው የሚተርፈው በባትሪ ነው። ግን ቅጂ ባትሪ አደገኛ ነው። «ዋናው ነው» ተብዬ በ2,800 ብር ያስገባሁት በአራት ወሩ አብጦ የመዳሰሻ ሰሌዳውን ወደ ላይ ገፋው፤ ጥገናው ሌላ 1,500 ብር አስወጣኝ። አሁን ባትሪ ስገዛ ሱቁ ውስጥ ያለ ቻርጀር አንድ ሰዓት ሳላሠራው አልከፍልም።

የግሉን መክፈል ያለበት ሰው አለ። ቀኑን ሙሉ የሚተረጉም ወይም ፕሮግራም የሚጽፍ፣ ነጻው በየቀኑ ከመንገድ የሚያስቀረው፣ በዚያ ሥራ በወር ከ3,400 ብር በላይ ጨምሮ የሚያገኝ ሰው ይክፈል። በራሱ ስም፣ በራሱ ኢሜይል፣ ለአንድ ወር ብቻ። እንደከፈለም በዚያው ዕለት በራሱ እንዳይታደስ ቅንብሩን ያጥፋው፤ አለበለዚያ በሚቀጥለው ወር ባለ ካርዱ ሊጠይቀው ይመጣል።

መምህሩ ከዚህ አንዱም አልነበሩም። ብራቸውን ወደ ኪሳቸው መለስኩላቸው፤ ስልካቸው ላይ ነጻውን ጫንኩላቸው፤ ዳታ ሞሉ። የ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ ነው የሚያስተምሩት። የመጽሐፉን አንድ ገጽ ፎቶ አንሥተው፣ በአንድ ጣታቸው ፊደል እየፈለጉ፣ «ከዚህ ገጽ አሥር የፈተና ጥያቄ አውጣልኝ» ብለው ጻፉ። ሲወጣ አተምኩላቸው። መነጽራቸውን አድርገው እዚያው ቆመው አነበቡት፤ ከአሥሩ ሁለቱን በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙ፣ ስምንቱን ይዘው ሄዱ።