ኢቢ-5፦ የገጠር ፕሮጀክት ወይስ ሥራ አጥነት የበዛበት አካባቢ?

ለአሜሪካው የኢንቨስተር ቪዛ ሁለቱም መንገዶች የሚጠይቁት እኩል ነው፦ ቢያንስ 800,000 ዶላር እና ለ10 ሠራተኞች የሙሉ ጊዜ ሥራ መፍጠር። የሚለያዩት ወረፋው ላይ ነው። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ከዓመቱ ኮታ 20 በመቶውን ለገጠር፣ 10 በመቶውን ሥራ አጥነት ለበዛበት አካባቢ ለይቷል። የገጠሩ አይ-526ኢ ማመልከቻ (ኢንቨስተሩ መጀመሪያ የሚያስገባው) በሕግ ቅድሚያ ይታያል፤ ሌላው ተራውን ይጠብቃል።

ግን ማመልከቻ መጽደቅና ቪዛ ማግኘት ለየቅል ናቸው። የቪዛው ወረፋ የሚቆጠረው በትውልድ አገር እንጂ በፓስፖርት አይደለም፤ የትዳር ጓደኛ የትውልድ አገርም ሊያገለግል ይችላል። ዕድሜው ወደ 21 የተጠጋ ልጅ (በሕጉ ስሌት 21 ከሞላው ከወላጆቹ ጋር ቪዛ አያገኝም) ካለ ደግሞ ፍጥነቱ ራሱ ሊጎዳ ይችላል፦ ማመልከቻው እስኪወሰን የቆየበት ጊዜ ከልጁ ዕድሜ ይቀነሳል፣ ከጸደቀ በኋላ ቪዛ የተጠበቀበት ግን አይቀነስም። ወላጆች ብዙ ጊዜ የሚዘነጉት ይህንን ነው።

ይህ ስጋት ከሌለ፣ ፕሮጀክቱም ደህና ከሆነ፣ ገጠሩ ይሻላል። ቅድሚያው ግን ጎዶሎ ፋይል አያድንም። የገንዘቡ ምንጭ መረጋገጥ ስላለበት፣ ለምሳሌ ቤት ተሸጦ የመጣ ገንዘብ ከሽያጭ ውሉ እስከ መጨረሻው የባንክ ዝውውር አንድ እርምጃ ከጎደለው ተጨማሪ ማስረጃ ይጠየቃል፤ መልሱ እስኪገባም ፋይሉ ባለበት ይቆማል።