እሳት ሊጭሩ የመጡ የጠፈር ስደተኞች

መጽሐፉን የገዛሁት ባሕር ዳር ነው። ለስልጠና ሄጄ ስመለስ፣ መንገድ ዳር ሸራ አንጥፎ አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጥ ልጅ። 150 ብር አለኝ፣ በ120 ተስማማን። የእንግሊዝኛ ልቦለድ ነው። ሽፋኑና የፊተኞቹ ጥቂት ቅጠሎች ተቀደዋል፤ ስለዚህ ርዕሱንም የደራሲውንም ስም ልነግራችሁ አልችልም። ታሪኩ ግን ከምዕራፍ አንድ እስከ መጨረሻው ሙሉ ነው። ጀርባው ለቆ ስለነበር ባለቤቴ በኮላ አጣብቆ፣ በሁለት ጣውላ መሐል አስሮ አሳደረው። አናጢ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ቅጠል አልወለቀም።

እኔ ደብረ ማርቆስ የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስለ ጠፈር የተጻፈ ነገር ካገኘሁ አላልፍም። ይኼኛውን ግን ብቻዬን አላነበብኩትም። አማቴ ለዓይናቸው ሕክምና ከቢቸና ገጠር መጥተው እኛ ዘንድ ሰንብተው ነበር። አንድ ማታ መብራት ጠፋ። "እስቲ ያንን ሁልጊዜ የምታዪውን ንገሪን" አሉኝ። በስልኬ መብራት እያየሁ፣ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላቸው። በማግሥቱ መብራት መጣ፤ እሳቸው ግን "ትናንት የት ላይ ነበር የቆምነው?" አሉ። እንዲህ እንዲህ እያልን አራት ሳምንት ፈጀብን። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው የኔን አስተያየት ብቻ አይደለም፤ የሦስት ሰው ነው።

ታሪኩ ባጭሩ ይኼ ነው። ሚስትየው የጠፈር የጦር መርከብ አብራሪ ናት። ያመፀ ሰፈር ላይ እሳት እንድታወርድ ትታዘዛለች። እምቢ ትላለች። ባልየው እዚያው መርከብ ላይ መንገድ መሪ ነው፤ በየት በኩል እንደሚታለፍ የሚያሰላ። አለቆቹ "ሄደህ ያዛት" ይሉታል። ይሄድና አብሯት ይጠፋል። ትንሽ መርከብ ሰርቀው ሲሸሹ ሞተሩ ይቃጠላል፣ ካርታ ላይ የሌለች ዓለም ላይ ይወድቃሉ። እዚያ ያሉት ሰዎች በእንጨትና በመዳብ ያርሳሉ፣ በድንጋይ ይፈጫሉ፣ በጭቃ ቤት ይኖራሉ። ከዚያ በኋላ ያለው መጽሐፍ በሙሉ፣ ከመጨረሻዎቹ ምዕራፎች በቀር፣ እዚያች መንደር ውስጥ ነው።

መጀመሪያ ፊዚክሱን ልበል፤ ሙያዬ ነውና። ደራሲው እንደ አብዛኞቹ የጠፈር ጀብዱዎች ርቀትን በአንድ ዝላይ ያልፈዋል። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ የምነግራቸው ነገር አለ። ከፀሐይ ቀጥሎ ለኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ 4.2 የብርሃን ዓመት ይርቃል፤ ብርሃን እንኳ 4.2 ዓመት የሚፈጅበት ርቀት ማለት ነው። በ1977 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተላከችው መንኮራኩር፣ ቮየጀር 1፣ በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ትጓዛለች። በዚያ ፍጥነት ያን ያህል ርቀት ለመሄድ ከ70,000 ዓመት በላይ ይፈጅባታል። ያለ ዝላዩ ግን ታሪክ የለም። ስለዚህ አልፌዋለሁ።

ያላለፍኩት፣ ደስ ብሎኝ ሁለት ጊዜ ያነበብኩት ደግሞ የክብደቱን ጉዳይ ነው። በዚያች ዓለም ሁሉም ነገር በአምስት እጅ አንድ እጅ ይከብዳል። 60 ኪሎ የምትመዝን ሴት፣ ቀን ከሌሊት ተጨማሪ 12 ኪሎ የተሸከመች ያህል ይሰማታል ማለት ነው። ብዙ ደራሲ እንዲህ ዓይነቱን ነገር በአንድ ገጽ ጠቅሶ ይረሳዋል። ይኼ አይረሳም። ከወራት በኋላ እንኳ ሚስትየው ቁጭ ብላ ስትነሳ ጉልበቷን ትይዛለች። የውኃ እንስራ አዝላ ዳገት ስትወጣ እያንዳንዱን እርምጃ ትቆጥራለህ። አማቴ እንስራው ላይ ስደርስ ጉልበታቸውን ሲያሹ አየኋቸው።

የመጽሐፉ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነው። እሳቱ ላይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሚስትየው እሳት የምታነደው በመሣሪያዋ ጨረር ነበር። ጨረሩ አለቀ። እንጨት ከእንጨት ስታፋትግ ውላ መዳፏ ተላጠ። ባልየው ስለ ሰበቃ ሙቀት ያሰላል፤ እሳት ግን የለም። በሦስተኛው ቀን፣ ከታች ካለው ጎጆ አንዲት አሮጊት ከነዚህ ሰዎች ቤት ጭስ መቅረቱን አይተው በገል ፍም ይዘው ይመጣሉ። ቋንቋ አይግባቡም። አሮጊቷ ማታ ፍሙን እንዴት በአመድ እንደሚዳፍኑት በእጃቸው ያሳዩዋታል። ጠዋት አመዱን በቀስታ ገለጥ አድርገው እፍ ሲሉት ቀዩ ብቅ ይላል።

እዚህ ላይ አማቴ ቀጥ ብለው ተቀመጡ። "ታዲያ መጀመሪያውኑ ጎረቤት ሄዳ አትጭርም ነበር?" አሉ። ቀጥለው የወይራ ፍም ከሆነ እስከ ጠዋት እንደሚያድር፣ የባሕር ዛፍ ከሆነ ግን ሌሊቱን አመድ ሆኖ እንደሚገኝ ነገሩን። በእጃቸው አመዱን ሲያለብሱ፣ ዳር ዳሩን ሲጠቀጥቁ፣ መሐሉን ደግሞ ለትንፋሽ ሲተዉ አሳዩን። ባዶ ምንጣፍ ላይ ነበር የሚያሳዩት፤ ግን ምድጃው የታየኝ መሰለኝ። መጽሐፉ ውስጥ ያለችው አሮጊት የምታደርገውም አንድ በአንድ ይኼንኑ ነው። ደራሲው እሳት የዳፈነ ሰው አጠገብ ተቀምጦ ያውቃል። በመጻሕፍት ብቻ የሚገኝ ዕውቀት አይደለም።

እርሻው ላይ ደግሞ ቤታችን ተከፋፈለ። ባልየው የሰማይ ስሌት አዋቂ ነው፣ ሞፈር ቀንበር ግን ጨብጦ አያውቅም። መጽሐፉ ውስጥ ያለው ማረሻ ጠማማ እንጨት ነው፤ ጫፉ መዳብ። ባለቤቴ ወዲያው "ድግሩስ?" አለ። የለውም። ጣውላ አምጥቶ በእርሳስ ሳለልኝ፦ ሞፈሩን፣ እርፉን፣ ማረሻውን፣ ግራና ቀኝ ያሉትን ድግሮች፣ የሚያያይዘውን ወገል። ድግር ከሌለው አፈሩን ይሰነጥቀዋል እንጂ ወደ ጎን አይገፋውም አለ። አማቴ ይበልጥ የከነከናቸው ሌላ ነው። ባልና ሚስቱ መሬቱን አንድ ጊዜ አርሰው በማግሥቱ ዘሩ። "ሳይታየም፣ ሳይሰለስ?" አሉ፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ ሳይታረስ ማለታቸው ነው። "ምን ሊበሉ ነው?"

እኔም ደራሲው ያጠፋ መስሎኝ ነበር። ከሁለት ማታ በኋላ አዝመራውን አረም ዋጠው። የመንደሩ ሰው ከሩቅ እያየ ዝም ብሎ ነበር፤ ለእንግዳ "አላወቅህም" ማለት ነውር ስለሆነ። አማቴ እጃቸውን አጨበጨቡ። ድግሩ ግን እስከ መጨረሻው አልመጣም፤ ባለቤቴ ያንን ይቅር አላለም።

በእርግጥ ያጠፋበት ቦታ ብረቱ ነው። ሚስትየው ለመርከቧ መጠገኛ ብረት ትፈልጋለች። አንድ ማታ ጉድጓድ ቆፍራ፣ ከሰል ሞልታ፣ ብረት እንደ ውኃ አቅልጣ ታወጣለች። ይኼ አይሆንም። መዳብ በ1,085 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል፤ ንጹሕ ብረት 1,538 ይፈልጋል። አብዛኞቹ የጥንት ብረት ሠሪዎች አላቀለጡትም። ከዚያ በታች በሆነ ሙቀት እንደ ሰፍነግ የተቦረቦረ ጓል ያወጡና፣ በመዶሻ እየቀጠቀጡ ቆሻሻውን ያራግፉታል። ለዚያውም ወናፍ ያስፈልጋል። እዚህ ወናፍ የለም፣ የሚነፋ ሰው የለም። ስለ እሳት ያን ያህል የሚያውቅ ደራሲ እዚህ ጋ መቸኮሉ አስቆጨኝ።

ብረቱን የሚያነሳው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። መዳብ የሚያቀልጡት ሰዎች ከመንደሩ ተለይተው፣ ከወንዝ ማዶ ነው የሚኖሩት። መንደሩ የሠሩትን ይገዛል፤ አብሯቸው ግን አይበላም፣ አይጋባም። ይኼን ሳነብ ቤቱ ጸጥ አለ። የሦስታችንም አገር ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸክላ ሠሪዋን፣ ሸማኔውን "ቡዳ" እያለ የሚሰድብ ሰው መሐል ነው ያደግነው። ዳግማዊ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። እኔ ግን ዛሬም ክፍል ውስጥ ተማሪ ተማሪን በዚያ ቃል ሲሰድብ ሰምቼ አስቁሜያለሁ። ባለቤቴ ማታውን ምንም አልተናገረም።

ሚስትየው የሞተር ነገር ስለምትወድ ማዶ ትሻገራለች። ከነሱ ጋር ትሠራለች፣ ከነሱ ጋር ትበላለች። መንደሩም እሳት ይነፍጋታል። ልብ በሉ፤ ማንም አይመታት፣ ማንም አይሰድባት። አንድ ሌሊት ዝናብ ገብቶ ምድጃዋ ሲጠፋ፣ ገሏን ይዛ ከደጅ ደጅ ትዞራለች። "እኛም ዘንድ ጠፍቷል" ይሏታል፤ ጭሱ ግን ከጣሪያው ይወጣል። እኛ ዘንድም እሳት የማይጫጫር ሰው ጎረቤት አይባልም። ይኼን ቅጣት ማስረዳት አላስፈለገኝም።

የባልና የሚስት ጠብ የሚጀምረው እዚህ ነው። ከሰማይ እስከ ምድር አብሯት የሸሸው ሰው "ማዶ መሻገሩን ተይ" ይላታል። ደክሞታል። መንደሩ ለምዶታል፣ ሽማግሌዎቹ አጠገባቸው ያስቀምጡታል። እሷም ያኔ አለቆቹ ያሉትን ነገር አሁን እሱ እየተናገረ መሆኑን ትነግረዋለች። ይኳረፋሉ። ደራሲው ኩርፊያውን አሥራ አንድ ቀን ያስኬደዋል፤ ንግግር የለም ማለት ይቻላል። ሁለት ሰው በአንዲት ጠባብ ጎጆ ውስጥ፣ አንዱ ሲገባ አንዱ እየወጣ። እሷ የሱን ድርሻ ከድና ታስቀምጣለች። እሱ እንጨቷን ፈልጦ በር ላይ ይከምራል። ቃል የለም። ትዳር ያለው ሰው ይኼን ምዕራፍ ቀስ ብሎ ነው የሚያነበው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ባልየው ባዶ ገል ይዞ ይወጣል። ሽማግሌዎቹ እያዩት ወንዙን ይሻገራል። ማዶ ካሉት ሰዎች ደጅ ቆሞ ገሉን ይዘረጋል። በዚያ መንደር ወንድ ልጅ እሳት አይጭርም፤ ለዚያውም ከማዶ ሰው። ፍሙን በሁለት እጁ ይዞ፣ ጭሱ ዓይኑን እያስለቀሰው፣ በመንደሩ መሐል አልፎ ቤቱ ይገባል።

አማቴ "አሁን አገባት" አሉ።

ከዚህ በኋላ ስለ መጽሐፉ ድክመት ማውራት ይከብዳል፤ ግን አለ። ተራኪው ሰዎቹን "ኋላቀር" እያለ ይጠራቸዋል። ጭቃ ቤቱን፣ ወፍጮውን፣ መጁን እየዘረዘረ "ኋላቀር" ይላል። እኔ የማነበው ደግሞ በመጅ ፈጭተው ስድስት ልጅ ላሳደጉ ሴት ነው። በሦስተኛው ማታ ቃሉን መተርጎም ተውኩ። መጽሐፉም ወደ መሐል ሲደርስ ራሱ ይተወዋል፤ ምናልባት ታስቦበት ነው። ቢሆንም አንባቢ እስኪደርስበት ያማል።

ሁለተኛው፣ መርከቧ እንደወደቀች ሰዎቹ በግንባራቸው ተደፍተው እንደ አምላክ ሲሰግዱላቸው ነው። ይኼ የተለመደ ነው፣ እውነትም አይመስለኝም። እኛ አገር ግሽ ዓባይ አለ። ስፔናዊው ጴድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር እዚያ ደርሰው የዓባይን ምንጭ አየን ብለው ጽፈዋል። የአገሬው ሰው ግን ምንጩን ቅዱስ ነው ብሎ ያከብረው ነበር። ለመጣው ፈረንጅ ግን አልሰገደም። "የእግዜር እንግዳ" ብሎ ያሳድራል፣ ያበላል፣ ጠዋት ከየት እንደመጣ ይጠይቃል። የዚያች ዓለም ሰዎችም ከአንድ ምዕራፍ በኋላ የሚያደርጉት ይኼንኑ ነው፤ ታዲያ ስግደቱ ለምን አስፈለገ?

ወደ መጨረሻው ደግሞ ስልሳ ገጽ የሚሆን የመርከብ ጦርነት አለ። አሳዳጆቹ ይደርሳሉ። ፍንዳታው ጠፈር ላይ ይጮሃል፤ አየር በሌለበት ድምፅ አይሄድም። ጀብዱ የሚወድ ሰው ይደሰትበት ይሆናል። እኛ ግን በአንድ ማታ ቶሎ ቶሎ ብለን አለፍነው፤ ሦስታችንም ወደ ጎጆዋ መመለስ ነበር የፈለግነው። ፍጻሜውን አልናገርም።

እንግሊዝኛው ቀላል ነው። አሥራ አንደኛ ክፍል የደረሰ ጎበዝ ተማሪ መዝገበ ቃላት ይዞ ይወጣዋል፤ ለሁለት ተማሪዎቼ አሁን በተራ አውሼዋለሁ። ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ በስልክ መብራት ለማንበብ ዓይን ያደክማል። ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለብረቱና ለ"ኋላቀር" ነው።

የመጨረሻዋን ምዕራፍ አማቴ እኛ ቤት ሆነው አልሰሟትም። ሐኪሙ ጨርሻለሁ አላቸው፣ መንገዱም ሰላም ነው ሲባል በጠዋት ተሳፈሩ። ቅዳሜ ማታ በስልክ አነበብኩላቸው። ኔትወርኩ ሁለቴ ተቋረጠ፣ ሁለቴ መልሼ ደወልኩ። ስለ አሳዳጆቹ፣ ስለ መርከቧ፣ ባልና ሚስቱ ሄዱ ወይስ ቀሩ፣ ሁሉንም ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ስጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

"ያች እሳት ያመጣችላቸው ሴትዮ ደኅና ናት?"

"ደኅና ናቸው፣ እማማ" አልኳቸው።