ዘጠኝ ወር ከማይክሮላይን መርፌ ጋር፦ የላሪ ኸርድን ሸክላዎች እንደ አዲስ መስማት

ይህን መርፌ የገዛሁት ለአንድ ሰው ሸክላዎች ስል ነው። አስቀድሜ መናዘዝ ይሻለኛል። የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚገመግሙ ሰዎች ጃዝ፣ ክላሲክና ሮክ እያፈራረቁ ይፈትናሉ፤ እኔ ግን በደብተሬ ከመዘገብኩት 412 ሰዓት ውስጥ ከግማሽ በላይ የሆነው በቺካጎ በተወለደው የዳንስ ሙዚቃ፣ በሀውስ፣ የሚታወቀው የላሪ ኸርድ ነው። ታናሽ ወንድሜ ደብተሩን አይቶ «ይህ ሁሉ ለአንድ ሰው?» ብሎኛል። መልስ አልሰጠሁትም፤ ምናልባት ይህ ጽሑፍ መልሱ ይሆናል።

አጀማመሩ አላማረም። የመጀመሪያው መርፌ ሲደርሰኝ አልማዙን የሚሸከመው ቀጭን ዘንግ ወደ ግራ ተጣሞ ነበር። ሻጩ ሳይከራከር ቀየረልኝ፤ ሦስት ሳምንት ግን ወሰደ። ሁለተኛው ደግሞ ትዕግሥት የሚፈትን ሆነ። የማይክሮላይን ጫፍ እንደ ተራው መርፌ ክብ አይደለም፤ ጠርዙ እንደ ቢላዋ የሳሳ ነው። ስለዚህ አቀማመጡ ጥቂት ከተዛባ ገንዘቡን አውጥቶ የከፋ ድምፅ መግዛት ይሆናል። መርፌው ሸክላውን የሚጫንበትን ክብደት 2 ግራም ላይ አድርጌ፣ ማዕዘኑን በመለኪያ ወረቀት ደጋግሜ አስተካክዬ፣ እንደገና ፈትቼ፣ እንደገና ገጥሜ አንድ ቅዳሜ ሙሉ አለቀ። ለእንዲህ ያለ ሥራ ልብ የሌለው ሰው ተራውን መርፌ ቢይዝ ይሻለዋል።

ያን ሁሉ ድካም የወለደው አንድ የቆየ ቅሬታ ነው። ሸክላ በደቂቃ 33⅓ ዙር እኩል ይሽከረከራል፤ ከመርፌው ሥር የሚያልፈው መንገድ ግን እኩል አይደለም። በባለ 12 ኢንች ሸክላ የውጭ ጠርዝ ላይ ቦዩ፣ ማለትም ድምፁ የተቀረጸበት ጠባብ መስመር፣ በሰከንድ 50 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ወደ መሐል ሲጠጋ ወደ 20 ይወርዳል። ያው ድምፅ ከግማሽ ባነሰ ርዝመት ላይ ተጨናንቆ ይቀረጻል ማለት ነው። ዱልዱሙ ክብ መርፌ እነዚያን የተጠጋጉ ጥቃቅን ሞገዶች መከተል ያቅተውና የገጹ የመጨረሻ ዘፈን ላይ «ስ»ና «ሽ» የሚሉት ድምፆች መሻከር ይጀምራሉ።

ኸርድ እ.ኤ.አ. በ1988 ፊንገርስ ኢንክ በሚለው የቡድን ስም ከሮበርት ኦውንስና ከሮን ዊልሰን ጋር ያወጣው «አናዘር ሳይድ» ባለ ሁለት ሸክላ አልበም ነው። ሁለት ሸክላ አራት ገጽ፣ አራት ገጽ አራት መጨረሻ። የኦውንስ ድምፅ ደግሞ እስትንፋስ የሚበዛበት፣ ለጆሮ እንደሚነገር ምሥጢር የቀረበ ድምፅ ነው። እንዲህ ያለ ድምፃዊ ለክብ መርፌ አይሆንም። ለዓመታት የእያንዳንዱ ገጽ መጨረሻ ሲደርስ ተነሥቼ ድምፁን እቀንስ ነበር። አሁን አልነሣም። ጉድለቱ ፈጽሞ ጠፍቷል ብል እዋሻለሁ፤ ሆኖም ኦውንስ አንድን ቃል ሲጨርስ ከንፈሩ እንዴት እንደሚገጥም እስከ መስማት ደርሻለሁ። መርፌው ሌላ ምንም ባይሠራልኝ በዚህ ብቻ ዋጋውን አውጥቷል።

ባሱ ላይ ግን የጠበቅኩትን ያህል ለውጥ አላገኘሁም፤ ምክንያቱም ገብቶኛል። ዝቅተኛው ድምፅ በቦዩ ውስጥ ሰፊና ዝግ ያለ ሞገድ ነው፤ ርካሹም መርፌ ይከተለዋል። የተለወጠው በባሱና በከበሮው መካከል ያለው ቦታ ነው። ኸርድ እ.ኤ.አ. በ1960 በቺካጎ የተወለደ፣ ሲንተሳይዘር (ድምፅን በኤሌክትሮኒክ መንገድ የሚፈጥር ኪቦርድ) ከመያዙ በፊት በባንዶች ውስጥ ከበሮ ይመታ የነበረ ሰው ነው። እኔን የያዘኝም ይኸው ይመስለኛል። ብዙ የዳንስ ሙዚቃ ሠሪዎች ባዶ ቦታ ሲያዩ ይሞሉታል፤ እርሱ ግን ዝም ማለትን ያውቅበታል። ከበሮው ይመታል፣ ባሱ ይመልሳል፣ ከዚያ የኪቦርዱ ድምፅ እንደ ጉም ከላይ ያርፍባቸዋል። በአሮጌው መርፌ ሦስቱ ተጣብቀው ይሰሙኝ ነበር፤ አሁን በመካከላቸው አየር አለ። የሙዚቃ ትምህርት ስላልተማርኩ ከዚህ በተሻለ ልገልጸው አልችልም።

አሁን ወደ አንዲቱ ሸክላ ልምጣ። እ.ኤ.አ. በ1986 ትራክስ በተባለው የቺካጎ አሳታሚ በኩል ሚስተር ፊንገርስ በሚል ስም ያወጣት ናት። አንደኛው ገጽ «ዋሺንግ ማሽን» ነው፤ «ካን ዩ ፊል ኢት» የተቀመጠው በጀርባው ነው። ዲፕ ሀውስ የሚባለውን ለስለስ ያለ የሀውስ ስልት ከምንም በላይ ያስተዋወቀ ሥራ የጀርባ ገጽ መሆኑ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። በሮላንድ ጁኖ-60 ሲንተሳይዘርና በቲአር-909 የከበሮ ማሽን እንደተሠራ ይነገራል። በኋላ የሰባኪ ቃና ያለው ንግግር የተደረበበት ቅጂ ወጥቶ ብዙ ሰው ዘፈኑን በዚያ ያውቀዋል። እኔ ንግግር አልባውን እመርጣለሁ፤ ሰባኪው ሲመጣ ሙዚቃው አጃቢ ሆኖ ይቀራል።

በአዲሱ መርፌ ይህችን ሸክላ ባስቀመጥኩ ዕለት ደነገጥኩ። ከኪቦርዱ ሥር ቀደም ሲል ያልሰማሁት ቀጭን ፉጨት መሰል ሹክሹክታ አለ። አቧራ ነው ብዬ አጠብኳት። አልለቀቀም። ፈሳሹን ቀይሬ እንደገና አጠብኳት፣ መርፌውንም በብሩሽ ጠረግኩ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀልኩ። አንድ ወር ያህል በዚህ ስዳክር ከቆየሁ በኋላ ነው ቀላሉ ማረጋገጫ የታየኝ፤ ሙዚቃው አልቆ መርፌው በባዶው የመጨረሻ ቦይ ሲዞር ሹክሹክታው የለም! የሸክላው ወይም የማጫወቻዬ ቢሆን ኖሮ እዚያም ይቀጥል ነበር። በኋላ የታተመ ሌላ ቅጂ አውጥቼ ስሰማም እዚያው ቦታ ላይ ያው ድምፅ አለ። ከቀረጻው ነው ማለት ነው። የጁኖ-60 ድምፅ ማወፈሪያ በራሱ እንደሚያሾክሹክ ኪቦርድ ተጫዋቾች ያውቃሉ፤ የካሴት ቴፕም የራሱ ሹክሹክታ አለው። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፤ መለየትም አላስፈለገኝም። ስቱዲዮ ሳይሆን ክፍል ሰማሁ። አንድ ወጣት ጥቂት መሣሪያዎች ይዞ የተቀመጠበት ክፍል። ይህን ድምፅ ሳጥበው የከረምኩት እኔ ነኝ።

በሌላ በኩል ይህ መርፌ ምሕረት የለውም። እ.ኤ.አ. በ2018 አሊቪየትድ በተባለው በራሱ አሳታሚ ያወጣውን ባለ ሦስት ሸክላ «ሴሬብራል ሄሚስፌርስ» በጥንቃቄ ይዤዋለሁና ደስታ ብቻ ሰጠኝ። ከሌሎች እጅ ተላልፈው የደረሱኝ አሮጌዎቹ ግን ሁለት ዓይነት ሆኑ። ቀጭኑ ጫፍ የቦዩን ግድግዳ የሚነካበት ቦታ ክብ መርፌዎች ካፈጩት ክፍል ስለሚለይ፣ አንዳንድ «ያለቀላቸው» ብዬ የተውኳቸው ሸክላዎች ነፍስ ዘሩ። ጭረት ያለባቸው ደግሞ ጭረታቸውን እንደ ጅራፍ ያጮሁታል። አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ አስቀምጦ መስማት ብቻ ነው።

ስለ ዕድሜው ትንሽ ልበል። ለተራ ሞላላ ጫፍ መርፌ 300 ሰዓት ያህል፣ ለማይክሮላይን ደግሞ 1,000 ሰዓት ያህል እንደሚሰጥ ከታወቁ አምራቾች መግለጫ አንብቤያለሁ። በ412 ሰዓት የድካም ምልክት አላየሁም። አቧራ ግን ይሰበስባል፤ ከእያንዳንዱ ገጽ በኋላ መጥረግ ግድ ነው። የመከላከያ ክዳኑ ልል ስለሆነ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወድቋል፤ አንድ ቀን ራሱ መርፌውን ይሰብረዋል ብዬ እሰጋለሁ።

መርፌውን ገዝተው የኸርድን ሥራ መሰብሰብ ለሚጀምሩ አንድ ነገር ልጨምር። ኸርድና ኦውንስ በቀድሞ ሥራዎቻቸው መብት ላይ እ.ኤ.አ. በ2020 ትራክስን ከስሰው ነበር፤ ጉዳዩ በ2022 በስምምነት አልቆ የሥራዎቻቸው ባለቤትነት ተመልሶላቸዋል። ስለዚህ ያገለገለ ቅጂ ከማሳደድ በፊት እርሱ ራሱ በአሊቪየትድ የሚያወጣውን ማየት ይበጃል፤ ገንዘቡ የሚደርሰው ለሠራው ሰው ነውና።

እኔ ይህን ብልም የመጀመሪያዋን የ1986 ሥራ ቅጂዬን አልለወጥኳትም። ገና ስለ መርፌ ዓይነት ሳላውቅ፣ ክፍሌ ውስጥ ብቻዬን ደጋግሜ የሰማኋት ናት፤ በዘፈኑ መግቢያ ላይ ሦስት ጊዜ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ የምትል ጭረት አለቻት፤ ሌላ ቅጂ ስሰማ እንኳ በዚያ ሰዓት ጆሮዬ ይጠብቃታል። አዲሱ መርፌ ያቺን ጭረት ወደ ጥይት ድምፅ ለወጣት። አሮጌው ክብ መርፌ አሁንም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ። እሑድ እሑድ ፈትቼ እቀይረዋለሁ፣ ክብደቱን አስተካክላለሁ፣ አንድ ገጽ ብቻ አጫውቼ መልሼ እፈታዋለሁ።