300ቢ ወይስ ኢኤል34፦ ለሄረሲ እና ለኤልኤስ3/5ኤ የሚስማማው የቲዩብ አምፕሊፋየር የትኛው ነው?

የቲዩብ አምፕሊፋየር፣ ማለትም እንደ 300ቢ እና ኢኤል34 ባሉ የመስታወት ቱቦዎች (ቲዩቦች) ድምፅን የሚያጎላ መሣሪያ፣ ሊገዛ የተነሣ ሰው ዐይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ዋቱ ላይ ነው፤ እኔ ግን አስቀድሞ ስፒከሩ እንዲመረጥ፣ አምፕሊፋየሩም ለእርሱ እንዲፈለግ አጥብቄ እመክራለሁ። ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆኑት ጠባያቸው እጅግ የተራራቀ ሁለት ስፒከሮች ናቸው፤ አንዱ የአሜሪካው ክሊፕሽ እ.ኤ.አ. በ1957 ያወጣው ባለ ሆርኑ (ድምፅን በመለከት መሰል አፍ የሚያጎላው) ሄረሲ ሲሆን፣ ሌላው ቢቢሲ በ1970ዎቹ በስርጭት መኪኖች ውስጥ ድምፅ ለመከታተል የነደፈው ትንሹ ኤልኤስ3/5ኤ ነው።

በ2.83 ቮልት፣ በ1 ሜትር ርቀት ሲለካ፣ የዛሬው ሄረሲ 4 በአምራቹ መግለጫ 99 ዲሲቤል (የድምፅ ጉልህነት መለኪያ) ይሰጣል፤ ባለ 15 ኦሙ (ኦም ስፒከሩ የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚቋቋምበት መለኪያ ነው) ኤልኤስ3/5ኤ ግን 83 አካባቢ ይቀራል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ቢመስልም፣ የኦማቸው መለያየት ታስቦ እንኳ፣ ሄረሲ በ1 ዋት የሚያሰማውን ያህል ለማሰማት ኤልኤስ3/5ኤ 20 ዋት ገደማ ይጠይቃል።

በየቻናሉ (ለግራውም ለቀኙም ስፒከር ለየብቻ) አንድ 300ቢ ቲዩብ ብቻ ያለው ሲንግል ኤንድድ አምፕሊፋየር የሚያወጣው 8 ዋት ያህል ነው። ይህ ለሄረሲ ይበቃል፤ በተለመደ ሳሎን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ዋት በታች ስለሚሠራ ድምፁ ሳይዛባ ይወጣል፣ የዘፋኙም ትንፋሽ ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማል። ያው አምፕሊፋየር ከኤልኤስ3/5ኤ ጋር ሲገጠም ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለሚያዳምጥ ሰው ደስ ያሰኛል፤ ኦርኬስትራው ሲጋጋልና ከበሮው ድንገት ሲመታ ግን አቅም ያጥረዋል፣ ድምፁም ይታፈናል። ስለዚህ ለኤልኤስ3/5ኤ የምመርጠው በየቻናሉ ሁለት ኢኤል34 ያለውንና 35 ዋት አካባቢ የሚሰጠውን ፑሽ ፑል (ሁለቱ ቲዩቦች ሥራውን ተከፋፍለው የሚሠሩበትን) አምፕሊፋየር ነው፤ ስፒከሩ ራሱ ብዙ ኃይል ስለማይችል ግን ድምፁን ያለ ልክ መክፈት አይገባም።

ኢኤል34 ሄረሲንም ያለ ችግር ይነዳል። ሆኖም ሄረሲ የአምፕሊፋየሩን ጥቃቅን ጉርምርምታ ሁሉ አጉልቶ ስለሚያሰማ፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሙዚቃውን አጥፍቶ ጆሮን ወደ ስፒከሩ ማስጠጋት የግድ ነው።

በአምፕሊፋየሩ ጀርባ ብዙ ጊዜ የስፒከሩን ኦም የሚያመለክቱ 4፣ 8 እና 16 የሚሉ ማያያዣዎች ይገኛሉ። ሄረሲ በ8ቱ፣ ባለ 15 ኦሙ ኤልኤስ3/5ኤ በ16ቱ ይታሰራል፤ ቲዩቦቹን ከስፒከሩ ጋር የሚያገናኘው ትራንስፎርመር ደኅንነቱ እንዲጠበቅም ስፒከር ሳይታሰር አምፕሊፋየሩን ማብራት ክልክል ነው። በኋላ የወጣውን ባለ 11 ኦሙን ኤልኤስ3/5ኤ የያዘ ሰው ግን አምፕሊፋየሩን እያጠፋ 8ቱንም 16ቱንም ይሞክርና፣ ባሱ ይበልጥ ጠበቅ ብሎ በሚሰማበት ይተወው።