ለተዘጋ የማህፀን ቱቦ ኦፕራሲዮን ሀገር ቤት ለምትሄዱ፣ ከመፈረማችሁ በፊት

ስለ ሐኪሙ እጅ ቅሬታ የለኝም። ነርሶቹም እግዜር ይስጣቸው፤ ሕመምን በራስ ቋንቋ ማስረዳት ስንት ዓመት የናፈቀኝ ነገር ነው። ያበሳጨኝ የሆስፒታሉ አሠራር ነው።

ላፓራስኮፒውን (ሆድ በትንሹ ተበስቶ በካሜራ የሚሠራውን ኦፕራሲዮን) «ለማየት» ብቻ ብለው አስፈረሙኝ። በእምብርት በኩል ካሜራ ገባ፣ በማህፀን በር ሰማያዊ ቀለም ተገፋ፣ ቀለሙ በቱቦው ጫፍ እንደማይፈስ ታየና ተሰፋ። የመክፈቱ ሥራ ግን ሌላ ቀጠሮ፣ ሌላ ማደንዘዣ፣ ሌላ ሂሳብ ሆነ! መሣሪያው ሆድ ውስጥ ገብቶ ሳለ የተጣበቀውን ማላቀቅና ጫፉን መክፈት በዚያው ሰዓት የሚሠራ ነገር ነው። እኔ በምኖርበት ሀገር «የሚጠገን ከሆነ እዚያው ይጠገን? የተበላሸ ከሆነ ይውጣ ወይስ ይቆይ?» የሚለው ቀድሞ ተጠይቆ ነው የሚፈረመው። ያልተፈረመበትን ሐኪሙ መንካት አይችልም፣ ልክም ነው፤ ጥፋቱ ወረቀቱን ያዘጋጀው ክፍል ነው። «ጠቅላላ ዋጋ» ከተባለውም ውጭ ቀለሙ፣ የማደንዘዣ ባለሙያውና የላቦራቶሪው ለየብቻ ተጨመሩ። ስለዚህ ዋጋው ምን ምን እንደሚያካትት በዝርዝር አጽፉ፤ ማየቱና መጠገኑ በአንድ ማደንዘዣ እንዲሆንም አስሰፍሩ።

የዕረፍት ፈቃዳችሁ አጭር ከሆነ ቀን ቁጠሩ። ኤችኤስጂ የሚባለው ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳ ራጅ የሚሠራው ደም ከቆመ በኋላ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ነው፤ በአብዛኛው የወር አበባ ከጀመረበት ተቆጥሮ ከ6ኛው እስከ 11ኛው ቀን ባለው ጊዜ። ካለፈ ለሚቀጥለው ወር ነው። እዚያው የምትኖሩበት አንሥታችሁ ፊልሙን ራሱን ይዛችሁ ሂዱ፣ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም። የባል የዘር ምርመራም ከኦፕራሲዮኑ በፊት ተሠርቶ ይለቅ፤ ችግሩ እዚያም ካለ ቱቦ መክፈት ብቻውን አይፈይድም።

ዋናው ነገር የተዘጋበት ቦታ ነው። በማህፀን በኩል ተዘግቶ የታየ ቱቦ በራጁ ሰዓት ጡንቻው ተኮማትሮ ወይም ንፍጥ ወትፎት ሊሆን ይችላል፤ ሆድ ሳይከፈት በማህፀን በር በገባ ቀጭን ሽቦ ማለፍ ይሞከራል። በኦቫሪ (እንቁላል በሚወጣበት) በኩል ተዘግቶ ውሃ የቋጠረ ከሆነ ግን የጉዳቱ መጠን ይወስናል። ግድግዳው ስስ፣ ውስጡም ደህና ከሆነ መክፈቱ ተስፋ አለው። ወፍሮ ከደረቀ ቢከፈትም ተመልሶ ይዘጋል፤ አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ ተገናኝተው ፅንሱ ወደ ማህፀን የሚገባበትን ሕክምና) የምታስብ ሴት እንዲህ ያለውን ቱቦ አስቀድማ ብታስወጣው ወይም ከማህፀን በኩል ብታስቋጥረው ይሻላል፣ ውሃው ወደ ማህፀን እየተመለሰ የማርገዝ ዕድልን በግማሽ ያህል ይቀንሳልና። በማህፀንም በኦቫሪም በኩል የተዘጋ አንድ ቱቦ እንዲጠገን አይመከርም። «እንሞክረው» ቢሏችሁ ለምን ብላችሁ ጠይቁ። ዕድሜያችሁ ወደ 40 ከተጠጋም ጥገናውን ከመጠበቅ በቀጥታ ስለ አይቪኤፍ ተነጋገሩ።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትከሻ ቢያማችሁ ሆድ የተነፋበት ጋዝ ነው፣ ይጠፋል። ከመውጣታችሁ በፊት የኦፕራሲዮኑን ሪፖርትና ፎቶዎች ተቀበሉ፤ «ቱቦው ተከፍቷል» የሚል አንድ መስመር ለቀጣዩ ሐኪም ምንም አይነግረውም።

የተጠገነ ቱቦ ከማህፀን ውጭ ለሚፈጠር እርግዝና ያጋልጣል። የወር አበባ እንደቀረ ተመርመሩ፤ እርግዝና ከሆነ የደም ምርመራና በ6ኛው ሳምንት አካባቢ አልትራሳውንድ ይደረግ። በአንድ ጎን የሚበረታ ሕመም፣ ደም፣ ማዞር ወይም የትከሻ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ ሳትጠብቁ ድንገተኛ ክፍል ግቡ፣ ቱቦው የታከመ መሆኑንም ቀድማችሁ ተናገሩ።