ምስጋና ለ«ዶሮው ሐኪም»፣ ጥቆማ ለሱሉልታ ጎረቤቶች

ሰላም ናችሁ ጎረቤቶች። ዶሮዎቻችን እንደገና መጣል ጀመሩ! ከሐምሌ ማለቂያ አንስቶ ሥራ ፈትቶ የከረመው የመጣያ ሣጥን አሁን በጥቅምት በየማለዳው እንቁላል ይገኝበታል። እናቴም ለባለሱቁ «ነገ አመጣልሃለሁ» ማለቷን ቀጥላለች። ለዚህ የማመሰግነው አንድ ሰው አለ። ከእንጦጦ ማዶ ጀምሮ ሱሉልታን ይዞ እስከ ጫንጮ መንገድ ድረስ በጓሮው ዶሮ ያለው ሁሉ ቢያውቀው ይጠቀማል ብዬ ነው በአደባባይ የምጽፈው።

ስሙን እንዳላወጣ ለምኖኛል። ሰፈር ውስጥ «የዶሮው ሐኪም» ነው የሚባለው፤ እኔም እንደዚያው ልበለው። በሙያው የእንስሳት ጤና ረዳት ነው፤ «ዶክተር» ስትሉት ደስ አይለውም፣ ያርማችኋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያሉን ዶሮዎች አብዛኞቹ ቄብ ሆነው የተገዙ፣ ቦቫንስ ብራውን የሚባሉ የፈረንጅ እንቁላል ጣዮች ናቸው፤ እናቴ የማትለቃቸው ጥቂት የሀበሻ ዶሮዎችም አብረው አሉ። ቦቫንሶቹ ከዓመት በላይ ሳያሰልሱ ጣሉልን። ክረምቱ ሲገባ ግን በየቀኑ ቁጥሩ እየወረደ ሄዶ በመጨረሻ ጭራሽ ቆመ። እናቴ መጀመሪያ ላይ ቀለደችበት፤ «ፍልሰታን ይዘው ነው፣ ሲፈታ ይጥላሉ» አለች። ፍልሰታ ተፈታ፣ እነሱ አልፈቱም። የእንቁጣጣሽን ዶሮ ወጥ እንቁላል ከሱቅ ገዝተን ሠራን፤ ዶሮ ለሚያረባ ቤት ይሄ ትንሽ ያሳፍራል።

ምክር ግን አልጠፋም። አንዱ «ዓይን ነው» አለን። ሌላው የሰው ቴትራሳይክሊን ከፍታችሁ ውሃቸው ላይ በትኑ አለን። ካናዳ ያለው ወንድሜ ደግሞ «አምፖል አብሩላቸው፣ እዚህ በክረምት ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ብሎ የድምፅ መልእክት ላከ። እናቴ ከሁሉም ያመነችው የመጨረሻውን ነበር፤ መብራት በሚጠፋፋበት ሰፈር አምፖሉ እንዴት እንደሚሆን ባይገባኝም።

ሐኪሙን የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። ሲመጣ መጀመሪያ የገረመኝ ቦርሳውን አለመክፈቱ ነው። ቤታቸው ውስጥ ገብቶ ኩሱን በእንጨት እየገላበጠ አየ፣ መኖውን በእፍኙ ዘግኖ አሸተተ፣ ከዚያ ዶሮዎቹን አንድ በአንድ እያነሳ ከጭኑ ላይ ያስቀምጥ ጀመር። እያንዳንዷን አናቷ ላይ ያለውን ቀይ ሥጋ ያያል፣ ክንፏን ይዘረጋል፣ ከዚያ ከሥር፣ ከእንቁላል መውጫዋ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ሹል አጥንቶች በጣቶቹ ይለካል። በመካከላቸው ሁለት ወይም ሦስት ጣት የሚገባ ከሆነና መውጫው ሰፋ ብሎ እርጥብ ከሆነ ዶሮዋ እየጣለች ነው። አንድ ጣት እንኳ የማያስገባ፣ ደርቆ የተሰበሰበ ከሆነ ቆማለች። እናቴ ቆማ ስታየው ቆየችና «ልጄ፣ ሐኪም ነህ ወይስ አዋላጅ?» አለችው። «ሁለቱም ነኝ እማማ፣ ክፍያው ግን የአንዱ ነው» ብሎ አሳቃት።

ከዚያ ሦስት ቦታ ከፈላቸው። አብዛኞቹ ቦቫንሶች ላባ እየቀየሩ ነው አለ። ዶሮ ዓመት ያህል ከጣለች በኋላ አሮጌውን ላባ ጥላ አዲስ ታበቅላለች፤ ከራስና ከአንገት ይጀምርና ወደ ደረት፣ ወደ ክንፍና ጭራ ይወርዳል። ላባ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው፤ እንቁላልም ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ስለዚህ ሰውነቷ አንዱን አቁሞ ሌላውን ይሠራል። ይህ ሁለት ወር፣ አንዳንዴም ሦስት ወር ይፈጃል። በሽታ አይደለም፣ መርፌም አይፈልግም። «ይሄንን በመድኃኒት ላሳጥረው የሚላችሁ ካለ ብራችሁን ነው የሚያሳጥረው» አለን።

እኔ ከሁሉም የወደድኩት ቀጥሎ የነገረንን ነው። ላባቸው በአንድ ጊዜ የረገፈው፣ አንገታቸው ተመልጦ ለዓይን የሚያስጠሉት ዶሮዎች ጎበዞቹ ናቸው። ጎበዝ ጣይ ዘግይታ ትጀምራለች፣ የክንፏን ላባ ብዙውን አብራ ትጥላለች፣ ቶሎ ጨርሳ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሰነፏ ደግሞ ቀደም ብላ ጀምራ አንድ አንድ ላባ እያንጠባጠበች ወራት ትፈጃለች፤ ስትታይ ግን ሁልጊዜ ያማረባት ናት። እኛ ጋር እንደዚህ ያለች አንዲት ቆንጆ ነበረች፣ እናቴ «ይቺን ማንም አይነካትም» ያለቻት። አጥንቷን ለክቶ ዝም ብሎ እናቴን አያት። ለመስቀል ታረደች።

ሁለተኛዎቹ የሀበሻዎቹ ናቸው፤ የታቀፉ ነበሩ፣ መጣል ትተው ለመፈልፈል የተቀመጡ። እዚህ ላይ ከእናቴ ጋር ተከራከሩ። እሷ የምታውቀው ማስተዊያ ዘዴ የታቀፈችውን ውሃ መንከር ወይም ለጥቂት ቀን ጎረቤት ማሳደር ነው። እሱ መንከሩን በዚህ ብርድ አልወደደውም፤ ከሥሯ ነፋስ በሚገባበት የሽቦ ወለል ያለው ቅርጫት ውስጥ ምግብና ውሃ ሰጥቶ ጥቂት ቀን ማቆየት ይበቃል አለ። ጎረቤት ማሳደሩን ግን ተቀብሎታል። የሀበሻ ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ቢሆን ነው፣ ቦቫንስ በጥሩ አያያዝ ከ300 በላይ፤ ስለዚህ ከሀበሻዋ የቦቫንስን ሥራ አትጠብቁ፣ ጫጩት ከፈለጋችሁ ግን ከእሷ የተሻለች እናት የለችም አለን። እናቴ በዚህ ረካች።

ሦስተኛዎቹ ሁለት አሮጊቶች ናቸው፤ ስለ እነሱ ብዙ አላወራም።

አምፖሉን ስንጠይቀው ሳቀ። ካናዳ ውስጥ በበረዶው ክረምት የቀኑ ርዝመት ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ይወርዳል፤ ዶሮ በደንብ ለመጣል ደግሞ 14 ሰዓት አካባቢ ብርሃን ትወዳለች፤ ስለዚህ የወንድምሽ ምክር ለሱ አገር ትክክል ነው አለ። እኛ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ነን። አዲስ አበባ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ረጅሙ ቀን ደግሞ የሚውለው ሰኔ ላይ፣ ዝናቡ ሲጀምር ነው! ብርዱ የሚከፋበት ታኅሣሥ ነው አጭሩ። ስለዚህ ዶሮዎቻችን ያጡት የቀን ርዝመት አይደለም። ዝናቡን ፈርተን ቀኑን ሙሉ የምንዘጋባቸው የቆርቆሮ ቤት ውስጡ ጨለማ ነው። ከአምፖል ይልቅ ከጣሪያው አንዱን ቆርቆሮ ብርሃን በሚያሳልፍ ፕላስቲክ እንድንቀይር፣ ከግድግዳው በላይ በኩልም ሽቦ የተወጠረበት ክፍተት እንድንተው አደረገ። ክፍተቱ ለብርሃኑ ብቻ አይደለም፤ የኩሱ ሽታ ዓይን የሚያቃጥል ከሆነ ሳንባቸውንም እያቃጠለ ነው። ሰጋቱራው ከታች እርጥብ ስለነበር ሙሉ በሙሉ ተጠርጎ ወጥቶ በደረቅ ተተካ። ሱሉልታ ከፍታው ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፤ ዶሮ ብርዱን በላባዋ ትችለዋለች፣ ከታች የሚመጣውን እርጥበት ግን አትችለውም ይላል።

መኖው ላይ ረጅም ሰዓት ቆየ። የእንቁላል ጣይ መኖ ሲወደድ ሰው ፉርሽካ ያበዛበታል፤ በክረምት በሚዞርበት ግቢ ሁሉ የሚያየው ይህንን ነው። ፉርሽካ ሆድ ይሞላል፣ ጉልበቱና ካልሲየሙ ግን ትንሽ ነው። አንዲት ጣይ ዶሮ በቀን ከ110 እስከ 120 ግራም ትበላለች፤ ከዚያ ውስጥ 16 ወይም 17 በመቶው ፕሮቲን ሊሆን ይገባል። በቆሎ ብቻውን ከ8 እስከ 9 በመቶ ነው። ላባ በሚበቅልበት ጊዜ የኑግ ፋጉሎ ጨመር አድርጉ፣ ፕሮቲኑ 30 በመቶ ገደማ ነው፤ ግን ደረቅ መሆኑን አረጋግጡ አለ። ክረምት ላይ መሬት የተቀመጠ ጆንያ ከሥሩ ይሻግታል፤ የሻጋታው መርዝ ጉበታቸውን ይጎዳል፣ እንቁላልም ያስቆማል። ያሸተተው ለዚህ ነበር። ጆንያዎቹ አሁን እንጨት ላይ ከፍ ብለው ተቀምጠዋል።

ለእንቁላሉ ቅርፊት ደግሞ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ በሌላ ዕቃ ለብቻው አስቀመጠልን። ከመኖው ጋር አትቀላቅሉት፣ የምትፈልገው ራሷ ሄዳ ትወስዳለች፤ ላባ የምትቀይረው ትንሽ ነው የምትበላው፣ መጣል የጀመረችው ብዙ። አንዱ ቅርፊት ብቻ ሁለት ግራም ያህል ካልሲየም አለው። ቅርፊቱ ለመሠራት 20 ሰዓት ገደማ ስለሚፈጅና ብዙው ሥራ በሌሊት ስለሆነ አመሻሽ ላይ ዕቃው ባዶ እንዳይሆን አሳስቧል።

ከዚያ «መሽቶ ልያቸው» ብሎ ቡና ላይ ቆየ። ለካ ቅማል ሊያይ ነው። ደም የሚመጠው ቀይ ቅማል ቀን ቀን በቆጡ ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል፣ ዶሮዎቹ ሲሰፍሩ ይወጣል፤ ቀን የሚመጣ ሰው አያገኘውም። በስልኩ መብራት ነጭ ጨርቅ ከቆጡ ሥር ሲያሽ ጨርቁ በደም ተዥጎረጎረ። እናቴ አማተበች። የሰብል ተባይ መድኃኒት ዶሮዎቹ ላይ እንዳንረጭ አጥብቆ ከለከለን፤ ወደ እንቁላሉ ይገባል። አሮጌው ቆጥ ተነቅሎ ወጣ፣ ስንጥቆቹ በፈላ ውሃ ተቃጥለው ተደፈኑ፣ በምትኩ ልጡ የተላጠ ልሙጥ የባሕር ዛፍ እንጨት ገባ። ከሳምንት በኋላ የፈላው ውሃ ተደገመ፤ እንቁላሉ ተፈልፍሎ አዲስ ቅማል ስለሚወጣ። ጥግ ላይ አመድና ደረቅ አፈር የተሞላ ሣጥን አለ፣ እዚያ ውስጥ ሲንደባለሉ ማየት ራሱ መዝናኛ ነው።

ያቺን የቴትራሳይክሊን ምክር ስነግረው ግን ፊቱ ተለወጠ። ያልታመመች ዶሮ ላይ አንቲባዮቲክ ማባከን እንቁላል አያመጣም፤ የታከመች ዶሮ እንቁላል ደግሞ መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ አይበላም። ከቦርሳው ያወጣው ብቸኛ ነገር ኩሱን ለምርመራ የሚወስድበት ትንሽ ዕቃ ነው። ትል ስለተገኘባቸው ለዚያ ብቻ መድኃኒት አዘዘ፣ የእንቁላሉን መታገሻ ቀንም ጽፎ ሰጠን። መድኃኒት መሸጥ የሚችል ሰው ሳይሸጥላችሁ ሲሄድ ማመስገን ይገባል፤ ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝም ዋናው ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ መጠበቅ ነበር። በምን እንደምናውቅ ነግሮናል፤ መጀመሪያ አናታቸው ላይ ያለው ሥጋ ከሐመር ወደ ቀይ ይመለሳል፣ ከዚያ እጃችሁን ስትዘረጉላቸው ክንፋቸውን ገለጥ አድርገው ቁጢጥ ይላሉ፤ እንደዚያ ያደረገች ዶሮ እንቁላሏ ሩቅ አይደለም። እናቴ በየቀኑ እጇን እየዘረጋች ስትፈትናቸው ከረመች። አንዷ ቁጢጥ ባለች ሰሞን እንቁላል ተገኘ፣ ከድሮው ተለቅ ያለና ቅርፊቱም ጠቆር ያለ ቡናማ። ከእረፍት የተመለሰች ዶሮ መጀመሪያ ላይ እንደዚህ ትጥላለች ብሎን ነበር። ሁሉም ገና አልተመለሱም። ሁለተኛ ዓመታቸው እንደ መጀመሪያው እንደማይሆንም አስቀድሞ ነግሮናል፤ እኛም አልጠበቅንም።

ሌላው ለእናንተ የሚጠቅመው ፈንግል የሚባለው የዶሮ ወረርሽኝ ክትባት ነው። ክትባቱ ቢሾፍቱ በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የሚመረት ነው፤ እሱ በረዶ ባለበት ፔርሙስ ይዞ ይመጣና ዓይናቸው ላይ ያንጠባጥባል። አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ የሚሆን ነው፣ ከተበጠበጠ በኋላ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ማለቅ አለበት። ስለዚህ አምስት ስድስት ዶሮ ያለው ሰው ብቻውን ከሚጠራው ጎረቤት ተሰባስቦ አንድ ቀን ቢይዝ ክፍያው ለሁሉም ይቀላል። እኛ መንደር እንደዚያ ነው የተደረገው። ፈንግል ከገባ መድኃኒት የለውም፣ ግቢውን ጠርጎ ነው የሚሄደው።

እንከኑንም ልናገር፤ ሰዓት አያከብርም። «ስምንት ሰዓት» ካለ ለአሥር አዘጋጁት። ወሬም ይወዳል፤ ስለ አንዲት ዶሮ ጠይቃችሁት የዶሮን ዘር ሁሉ ታሪክ ልትሰሙ ትችላላችሁ። ክፍያው ግን 30 እንቁላል ከሚይዘው አንድ ትሪ ዋጋ አይበልጥም፣ እኛንም ደግሞ ሊያያቸው ሲመጣ ምንም አልጠየቀንም።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሱን ጠይቄ እሰጣችኋለሁ። ስትጠሩት ከሰዓት በኋላ አድርጉት፣ እንዲመሽ፤ ዶሮዎቹንም አትልቀቋቸው፣ ሜዳ ለሜዳ ማባረር አይወድም። የሚመጣበትን ቀን ብላችሁ ቤታቸውን ደግሞ አትጥረጉ፣ ኩሱን እንዳለ ማየት ይፈልጋል።